መጀመሪያ ውሃውን ቀልቡት፦ ቆላው ሰሜን ሸዋ ላይ የኩሬ አሳ ማሳደግ ከቁፋሮ እስከ መረብ

ሰላም ቤተሰብ። በቀደም አንድ ልጅ የኩሬውን ፎቶ ላከልኝና "ወንድሜ ስምንት ወር ሞላቸው፣ ፉርሽካ በየቀኑ እበትናለሁ፣ አሳዎቹ ግን ጣት አክለው ቀሩ፣ ዘሩ ነው እንዴ ችግሩ?" አለኝ። ፎቶውን ከፍቼ ሳይ ውሃው እንደ ጠበል ኩልል ብሏል፣ ከታች ያለው ጭቃ ሳይቀር ይታያል፣ ጠርዙ ላይ ደሞ መርፌ የሚያክሉ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ። መልሱ እዛው ፎቶው ላይ ነበር። ኩልል ያለ ውሃ ለኛ ደስ ይላል እንጂ ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚባለው አሳ) ባዶ መሶብ ነው፣ እነዛ ጫጩቶች ደሞ ያለችውን ትንሽ ምግብ ከእናትና አባታቸው ጋር እየተሻሙ ነው። ለሱ ብቻ በቮይስ ግማሽ ሰአት ከማወራ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምጽፈው ሸዋ ሮቢት፣ ቀወት፣ አጣዬ፣ በረኸት፣ የምንጃር ቆላው፣ መርሀቤቴ ታች ጀማ ሸለቆ ላሉ ሰዎች ነው። ደብረ ብርሃን፣ መንዝና አንኮበር ላይ ያላችሁ ቅር አይበላችሁ፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም፣ እኔ አሳ እንዴት እንደሚያድግ የገባኝ ስለ ሩቅ አገር ውሃ ሳነብ ነው። በሞቃታማው የአለም ክፍል ባህር ዳር ላይ ላጉን የሚባል ውሃ አለ፣ በአሸዋ ክምር ከባህሩ የተለየ፣ በጠባብ በር ግን ከባህሩ ጋር የሚገናኝ፣ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ። ማንም ሳይቀልበው አሳ ይበዛበታል። ምክንያቱ ከላይ የሚወርደው ወንዝ ለም አፈር ያመጣለታል፣ ውሃው ስስ ስለሆነ ፀሀይ እስከ ታች ትደርሳለች፣ ሙቀቱም አመቱን ሙሉ አይለቅም፣ ስለዚህ በአይን የማይታይ፣ ሲበዛ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርግ አልጌ የሚባል ተክል መሰል ነገር ይራባል፣ አልጌውን ትንንሽ ነፍሳት ይበሉታል፣ አሳው ሁለቱንም ይለቅማል። ቤኒን ውስጥ ኖኩዌ በሚባለው ላጉን ላይ (ጋንቪዬ የምትባለው በውሃ ላይ በእንጨት ምሰሶ የተሰራችው መንደር ያለችበት ነው) አሳ አጥማጆቹ ደሞ አንድ ብልሀት አላቸው፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ጭቃው ውስጥ እየተከሉ ጫካ ያስመስሉታል፣ አካጃ ይሉታል። ቅርንጫፉ ላይ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል፣ አሳው እሱን እየጋጠ እዛው ተደብቆ ይራባል፣ ከወራት በኋላ ዙሪያውን በመረብ ከበው ያወጡታል። አይቮሪኮስትም ኤብሪዬ ላጉን ላይ ተመራማሪዎች ይሄንኑ በአጥር ከበው በቀርከሃ ሞክረውት ምንም ካልተተከለበት አጥር በብዙ እጥፍ የበለጠ አሳ አግኝተዋል፣ ያውም መኖ ሳይሰጡ!

አሁን እኛ ባህር የለንም፣ ጨዋማ ውሃም አያስፈልገንም። የላጉኑ አሰራር ግን አንድ ጓሮ ኩሬ ውስጥ ይሰራል፦ ስስ ውሃ፣ ፀሀይ፣ ሙቀት፣ ማዳበሪያ፣ እንጨት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከነዚህ አምስቱ ነው የሚወጣው።

1. ቦታችሁ ይሞቃል ወይ?

ቆሮሶ ደስ የሚለው ውሃ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ነው። ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ ይንቀራፈፋል፣ ወደ 16 ሲጠጋ መብላት ይተዋል፣ ወደ 10 አካባቢ ከሆነ ይሞታል። ሸዋ ሮቢት ከባህር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነች፣ ደብረ ብርሃን ደሞ 2,800 ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀንስ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት 9 ዲግሪ ነው በሉት። ለዛ ነው ደብረ ብርሃን ላይ ቆሮሶ አትሞክሩ የምለው፣ አይሞትላችሁ ይሆናል ግን አያድግም፣ እናንተም ፉርሽካ ትጨርሳላችሁ። ካርፕ የሚባለው ሌላ አሳ ብርዱን ከቆሮሶ ይሻለዋል፣ እሱም ቢሆን ደጋ ላይ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው።

ሳትቆፍሩ በፊት ቴርሞሜትር ግዙ፣ በአቅራቢያችሁ ካለ የቆመ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ጠዋት 12 ሰአትና ከሰአት 9 ሰአት ለኩ። ልኬቱን በታህሳስ ወይ በጥር አድርጉት፣ በግንቦትማ ሁሉም ቦታ ሞቃት ነው፣ ያታልላችኋል። በብርዱ ወር ጠዋት ላይ ከ18 በላይ ካሳየ ግቡበት።

2. ቁፋሮ

100 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 10 በ10፣ ለጀማሪ ይበቃል። ጥልቀቱ በአንዱ በኩል 80 ሳንቲ፣ በማፍሰሻው በኩል 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ "ብዙ ውሃ ብዙ አሳ" የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ ተሳስቷል፣ ሶስት ሜትር ከቆፈራችሁ ታች ያለው ውሃ ቀዝቃዛና አየር የሌለው ይሆናል፣ አሳው ላይኛው ላይ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ትርፋችሁ ለሰራተኛ ያወጣችሁት ብር ነው። ላጉን ለም የሆነው ስስ ስለሆነ ነው።

አፈሩን ለማየት እፍኝ ወስዳችሁ አርጥባችሁ በኳስ መልክ አድቦልቡሉትና ወደ ላይ ወርውራችሁ ያዙት፣ ካልተበተነ ውሃ ይይዛል። ዋልካ ውሃ ይይዛል ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ኩሬውን ለረጅም ጊዜ ባዶ አትተዉት። አሸዋ ከበዛበት ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ማንጠፍ ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ አታቁሙት፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር እያንጋደዳችሁ ስሩት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው የሀምሌ ዝናብ ይንደዋል። ከውሃው በላይ ደሞ 30 ሳንቲ ትርፍ ይኑረው። ውሃ መግቢያው ቱቦ አፍ ላይ ወንፊት እሰሩ፣ ከቦዩ የማታውቁት አሳና እንቁራሪት እንዳይገባ፣ ማፍሰሻውም ላይ እንደዛው።

ስለ ውሃ መጠን አንድ ሂሳብ ልስጣችሁ። ቆላ ላይ ፀሀይና ንፋስ በቀን 5 ሚሊሜትር ውሃ ከወሰደ ከ100 ካሬ ላይ 500 ሊትር ማለት ነው፣ 25 ጀሪካን! ይሄን በየቀኑ የምትተኩበት ምንጭ፣ ቦይ ወይ የውሃ ሞተር ከሌላችሁ አትጀምሩ። ግን ደሞ ከሚተነው በላይ አታስገቡ። ቦዩን ቀኑን ሙሉ ኩሬው ውስጥ እያሳለፉ "ንጹህ ውሃ ይግባለት" የሚሉ አሉ፣ እሱ ማለት ያመረታችሁትን አልጌ በቦይ እየሸኛችሁ ነው፣ ከደጋ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ደሞ ሙቀቱንም ያጠፋዋል። ጨርሶ መዝጋትም አይሆንም። ህንድ ኦዲሻ ውስጥ ቺሊካ የሚባል ትልቅ ላጉን ከባህሩ ጋር የሚያገናኘው በር በደለል ሲደፈን አመታዊው የአሳ ምርት ከ2 ሺህ ቶን በታች ወርዶ ነበር፣ በ2000 እ.ኤ.አ. አዲስ በር ቆርጠው ሲከፍቱለት በሁለት አመት ውስጥ ከ10 ሺህ ቶን አለፈ። የኛ ኩሬ በር የሚያስፈልገው ለክፉ ቀን ነው፣ ውሃው ሲበላሽ ቶሎ ማስገባትና ማስወጣት እንድትችሉ።

3. ውሃውን መቀለብ

ዋናው ይሄ ነው። አሳ ከማምጣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ይጀመራል።

አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ (የወረዳ ግብርና ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ አስመርምሩት) ለ100 ካሬ ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ ባዶ ኩሬው ላይ በትኑና ለአንድ ሳምንት ተዉት። ኮምጣጣ ካልሆነ ወይ ጂኦሜምብሬን ካነጠፋችሁ ይሄን እለፉት። ከዛ 10 ኪሎ የደረቀ የዶሮ ኩስ ወይ ከ20 እስከ 30 ኪሎ የደረቀ እበት በትናችሁ ውሃውን መጀመሪያ እስከ ጉልበት፣ ከሶስት አራት ቀን በኋላ እስከ ልኩ ሙሉት። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ውሃው አረንጓዴ መሆን ይጀምራል። ጎረቤቶቻችሁ "ውሃው ተበላሸባችሁ" ይሏችኋል፣ እሺ ብላችሁ ዝም በሉ።

ልኩን ለማወቅ እጃችሁን እስከ ክርን ውሃ ውስጥ ክተቱ። መዳፋችሁ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ጥርት ብሎ ከታየ ማዳበሪያ ጨምሩ፣ ክርናችሁ ሳይደርስ መዳፋችሁ ከጠፋ ደሞ አቁሙ። በቁጥር ለምትፈልጉ የጣሳ ክዳን ግማሹን ነጭ ግማሹን ጥቁር ቀቡና በሳንቲሜትር ምልክት በተደረገበት ገመድ አውርዱት፣ ከ25 እስከ 40 ሳንቲ ላይ ሲሰወር ልክ ነው። ከ20 በታች አደጋ ነው። ልብ በሉ ግን፣ ውሃው በዝናብ ጭቃ ደፍርሶ ቡናማ ከሆነ ይሄ መለኪያ አይሰራም፣ ጭቃ አይበላም፣ እንዲያውም ፀሀዩን ይከለክላል።

ከዛ በየሳምንቱ ለ100 ካሬ ከ3 እስከ 5 ኪሎ የደረቀ የዶሮ ኩስ በቂ ነው። በአንዴ አትድፉት፣ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ በጥግ በኩል ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ እየነከረ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ሲበዛ ደሞ ከረጢቱን ማውጣት ትችላላችሁ። ይቺ ከረጢት የምትባለው ነገር ብዙ አሳ አትርፋልኛለች፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታያላችሁ።

4. እንጨት መትከል

ይሄን ብዙ ሰው አይሰራውም፣ ወጪውም ኢምንት ነው። ቀርከሃ ወይ ሸምበቆ ወይ የደረቀ ዘንግ፣ ከውሃው በላይ ትንሽ ብቅ እንዲል አድርጋችሁ ጭቃው ውስጥ ትከሉ፣ በካሬ አራት ገደማ፣ የኩሬውን ግማሽ ያህል ብቻ፣ ሌላው ግማሽ መኖ ለመስጠትና መረብ ለመጎተት ባዶ ይቅር። 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ዘንግ 80 ሳንቲው ውሃ ውስጥ ከሆነ አልጌ የሚበቅልበት ቆዳው 0.12 ካሬ ሜትር ይሆናል። 200 ዘንግ ማለት 25 ካሬ ሜትር ተጨማሪ የግጦሽ መሬት ማለት ነው፣ መሬት ሳትገዙ። ከሁለት ሶስት ሳምንት በኋላ ዘንጉን በእጃችሁ ስትነኩት ያዳልጣል፣ አሳዎቹም ተገልብጠው ሲግጡት ታያላችሁ። ሽመላም እንደልቡ እየተራመደ መልቀም ያቅተዋል።

ጂኦሜምብሬን ያላችሁ እንዳትወጉት! ከዳር ዳር ገመድ ወጥራችሁ ዘንጉን ጫፉ ላይ ድንጋይ አስራችሁ አንጠልጥሉት።

ማንኛውም እንጨት ግን አይሆንም። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው አሳ ይገድላል። ብርብራን ደሞ አያቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በትነው አሳ የሚያሰክሩበት ነው፣ እሱን ኩሬ ዳር እንኳ አትትከሉ። የግራር እሾህ መረባችሁን ይቀደዋል። የማሽላ አገዳ እኛ ጋ እንደ ጉድ ነው፣ ይሰራል፣ ግን ቶሎ ስለሚበሰብስ ትንሽ ትንሽ እያሰራችሁ አስገቡና ሳይፈርስ አውጡት።

5. ጫጩቱ

የአሳ ጫጩት ሰበታ ያለው ብሄራዊ የአሳና ሌሎች የውሃ ውስጥ ህይወት ምርምር ማእከል ጠይቁ፣ ባህር ዳርና ዝዋይም የአሳ ምርምር ማእከላት አሉ። መጀመሪያ ግን ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ሀብት ባለሙያ አነጋግሩ፣ በሱ በኩል ሲሄድ ይቀላል። ከየትኛውም ወንዝ አጥምዳችሁ አታምጡ፣ እድሜውን አታውቁትም፣ ትንሽ የመሰላችሁ አሳ ያረጀና የቀጨጨ ሊሆን ይችላል።

ለ100 ካሬ 200 ቆሮሶ በቂ ነው። 500 ካላስገባሁ የሚል ሰው 500 ጣት ነው የሚያወጣው። ላም አንድ የግጦሽ መስክ ላይ ስንት እንደምትሰማራ ታውቁ የለ፣ ይሄም እንደዛው ነው።

አሁን ጉዞው። ሰበታ ሄዶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመለስ ሰው ጣርማ በርን ማለፍ ግዴታው ነው፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ፣ ጉሙ ፊት ለፊት የማያሳይ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። ሁለት ነገር እዛ ይፈጠራል። አንደኛ ጫጩቶቹ የሚጓዙበት ፌስታል ውስጥ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ፌስታሎቹን በካርቶን አድርጋችሁ በብርድ ልብስ ወይ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉ። ሁለተኛ ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ኦክስጅን የተሞላው ፌስታል ይነፋል፣ እስከ ጥግ ተወጥሮ የታሰረ ከሆነ ደብረ ሲና ሳትደርሱ ሊፈነዳ ይችላል። ሲያስሩላችሁ "ጣርማ በር ነው የማልፈው፣ ትንሽ ላላ አድርግልኝ" በሉት። ጫጩቶቹ ከመጫናቸው በፊት አንድ ቀን እንዳይበሉ ተናገሩ፣ ሆዳቸው የሞላ ከሆነ ውሃውን በኩሳቸው ይበክሉታል። ጉዞው ሌሊት ወይ ንጋት ላይ ይሁን።

ስትደርሱ ሆ ብላችሁ አትገልብጡት። ፌስታሉን እንደታሰረ ኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፉት፣ ከዛ ፈታችሁ የኩሬውን ውሃ በኩባያ እየጨመራችሁ ሌላ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ ራሳቸው ዋኝተው ይውጡ።

አሁን ወደዛ ልጅ ፎቶ ልመለስ። ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ገና ከ30 እስከ 50 ግራም ሳለ፣ በሶስት በአምስት ወሩ መውለድ ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው፣ አፏ ሙሉ ስለሆነ በዛ ሰሞን አትበላም፣ ስለዚህ አታድግም፣ ከዛ ጫጩቶቹ ይመጣሉ፣ ኩሬው ይጨናነቃል፣ ሁሉም ይቀጭጫል። መላው ሁለት ነው። አንደኛው ወንድ ወንዱን ብቻ ማሳደግ፣ የሚያቀርብላችሁ ካለ ተለይቶ የመጣ ጥሩ ነው፣ ከሌለ 30 ግራም ሲደርሱ አንድ በአንድ ገልብጣችሁ ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ጉብታ እዩ፣ ወንዱ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ጫፏ ላይ ናት፣ ሴቷ ላይ ደሞ ከሷ በተጨማሪ መሀል ላይ አግድም የሆነ ስንጥቅ አለ። መጀመሪያ ላይ ትሳሳታላችሁ፣ ትንሽ ቀለም ስትቀቡት ስንጥቁ ይታያል። ሁለተኛው አምባዛ (ሌላ አሳ የሚበላው ባለ ሪዙ አሳ) ማስገባት ነው፣ ለ100 ቆሮሶ 10 ያህል፣ ቆሮሶዎቹ 50 ግራም ከሆኑ በኋላ፣ አምባዛው ደሞ ከነሱ እኩል ወይ ያነሰ ሆኖ። የሚወለዱትን ጫጩቶች እየለቀመ ራሱም ይደልባል። ትልቅ አምባዛ ካስገባችሁ ግን ዋናዎቹን ነው የሚበላላችሁ፣ እንደ ጅብና በግ!

6. መኖ

ውሃው ከተቀለበ መኖው ድጎማ ነው። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) እኩል በእኩል አደባልቁ፣ ፉርሽካው ብቻውን ፕሮቲኑ ያንሳል። ፋጉሎው ሻግቶ ከሆነ ጣሉት፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ የኑግ ፋጉሎ ደሞ በዚህ የታወቀ ነው። በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ እንደ ጭብጦ አድርጋችሁ ስጡ፣ ደረቁን ከበተናችሁት ግማሹን ንፋስ ይወስደዋል።

ስንት? በየወሩ ከ20 እስከ 30 አሳ በመረብ አውጥታችሁ መዝኑ፣ አማካዩን በጠቅላላ ቁጥሩ አባዙ። ለምሳሌ 200 አሳ በአማካይ 40 ግራም ከሆነ 8 ኪሎ አሳ አላችሁ፣ 3 በመቶው 240 ግራም ነው፣ ጠዋት 4 ሰአት 120፣ ከሰአት 10 ሰአት 120። ጫጩት ሳሉ 5 በመቶ፣ ትልቅ ሲሆኑ 2 በመቶ። ሁሌም አንድ ቦታ፣ አንድ ሰአት። ከሸምበቆ ቀለበት ሰርታችሁ ውሃው ላይ አንሳፉና እዛ ውስጥ ጣሉላቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈ ካለ ነገ ቀንሱ።

ንጋት ላይ አትስጡ፣ ምክንያቱ የሚቀጥለው ነው።

7. ጠዋት 12 ሰአት ላይ ኩሬው ዳር ቁሙ

አልጌው ቀን ቀን በፀሀይ ኦክስጅን ያመርታል። ማታ ግን ማምረቱን ያቆማል፣ እሱም አሳውም የሚበሰብሰው ኩስም ሁሉም ያንኑ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ልክ ጎህ ሲቀድ ነው። ውሃ ሲሞቅ ደሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ክረምት ላይ ሁለት ሶስት ቀን በተከታታይ ከደመነ በቀን የሚመረተውም ያንሳል፣ ይሄ ሁሉ ሲደማመር...

እኔ በመጀመሪያው አመቴ፣ ሀምሌ ላይ፣ አሳዎቹ ሲያድጉ ሳይ ጉጉት ይዞኝ አንድ ሙሉ ከረጢት የዶሮ ኩስ በአንዴ ደፋሁበት። ሶስት ቀን ፀሀይ አልወጣም። በአራተኛው ቀን እናቴ በማለዳ ጠራችኝና "ልጄ አሳዎችህ አየር ይቀማሉ፣ ና እያቸው" አለችኝ። ሁሉም አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው ያዛጋሉ። እኔ ደሞ የራባቸው መስሎኝ ፉርሽካ በተንኩላቸው፣ አይ ሞኝነት። እስከ ረፋድ ትልልቆቹ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። መጀመሪያ የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው፣ ይሄን ምልክት ያዙ፣ በበሽታ ከሆነ ቀስ በቀስ ነው፣ በኦክስጅን ከሆነ በአንድ ጠዋት ነው።

እንደዛ ሲያዛጉ ካያችሁ፦ መኖም ኩስም አቁሙ፣ ከረጢቱን አውጡት፣ አዲስ ውሃ ከከፍታ እየተረጨ እንዲገባ አድርጉ፣ ሞተር ካላችሁ የኩሬውን ውሃ መልሳችሁ ወደ ላይ እርጩት፣ ከሌላችሁ ልጆች ሰብስባችሁ በባልዲ እየቀዱ ከላይ ይድፉት። ፀሀይ ከወጣ በኋላ ይረጋጋሉ። በክረምት ኩሱን በግማሽ ቀንሱ፣ ሰማዩ ሲደምን ጨርሶ አትስጡ።

8. ጠላቶች

ሽመላና ሌላም አሳ በል ወፍ አለ፣ ከላይ ገመድ ወጥሩና የካሴት ክር ወይ የሚያብለጨልጭ ፌስታል እሰሩበት፣ ሲለምዱት ቀያይሩት። አርጃኖም ይመጣል።

ከወፍ በላይ የምፈራው ግን የሽንኩርትና የማሾ መድሃኒት ነው። እዚህ ሰፈር ሁሉም ይረጫል፣ የሚረጨው ፀረ ተባይ አብዛኛው ለአሳ በትንሽ መጠን ይገድላል። የሚረጩበትን ፓምፕ ኩሬው ውስጥ ወይ ቦዩ ላይ ማጠብ የለም፣ ጎረቤት የሚረጭ ቀን ቦዩን ዝጉ። ተነጋገሩ፣ አሳው ሲደርስ ለጎረቤታችሁ አንድ ሁለት ስጡ፣ ከዛ በኋላ ራሱ ነው የሚጠብቅላችሁ።

እንዶድም እንደዛው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው ለብልሃርዝያ መከላከያነቱን ያገኙት። ያ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር አሳም ይገድላል፣ ስለዚህ ኩሬውና ቦዩ አካባቢ በእንዶድ ልብስ አይታጠብ። ብልሃርዝያው ራሱ ግን የኛ ቆላ ችግር ነው፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሳር ውስጥ ነው የሚደበቀው፣ የጠርዙን ሳር በየጊዜው አጭዱ፣ ውሃው ውስጥ ስትገቡ ቦት ጫማ አድርጉ፣ ማንም ኩሬው ውስጥ እንዳይሸና። ሳሩ ሲታጨድ ለወባ ትንኝም ጥሩ ነው፣ እጮቹ መደበቂያ ሲያጡ አሳው ይለቅማቸዋል።

የተረፋችሁን አሳ ደሞ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል አለ፣ አሳን ከውሃ ወደ ውሃ ማዘዋወር እንደ ፈለጉ የሚደረግ ነገር አይደለም።

9. መቼ ይወጣል?

ውሃው ከሞቀና የተባለውን ካደረጋችሁ ከ6 እስከ 8 ወር ከ150 እስከ 250 ግራም ይደርሳል። ከ200ው 170 ቢተርፍና በአማካይ 200 ግራም ቢመዝን 34 ኪሎ ነው፣ ከ100 ካሬ መሬት። ለመጀመሪያ ዙር 25 ኪሎ ካገኛችሁም ደስ ይበላችሁ።

ጊዜውን አስቡበት። ሁዳዴ ላይ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፣ እኔ የማውቀው ሁዳዴ ሲገባ በመንገዱ ላይ ያሉት ሆቴሎች አሳ አሳ እንደሚሉ ነው። ችግሩ ከሁዳዴ በፊት ያሉት ህዳር፣ ታህሳስና ጥር ብርድ ናቸው፣ እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጫጩቱን ሚያዝያ ወይ ግንቦት ላይ አስገቡ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ የሚያድገውን ያድጋል፣ ከህዳር ጀምሮ ትልልቆቹን እየመረጣችሁ በመረብ አውጡ፣ ቦታ ሲለቀቅላቸው የቀሩት ለሁዳዴ ይደርሳሉ። በብርዱ ወራት መኖውን ቀንሱ፣ ካልበሉት ውሃ ነው የሚያበላሸው።

ከማውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት መኖ አትስጡ። ዘንጎቹን በአንዱ በኩል ነቅላችሁ በጠዋት ቅዝቃዜ ጎትቱ፣ ወዲያው ሆዱን አውጥታችሁ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ በረዶ ላይ አድርጉ፣ የቆላ ፀሀይ ሁለት ሰአት አይታገስም። ገዢውን ከመረቡ በፊት አግኙት፣ አሳውን ይዛችሁ ገዢ አትፈልጉ። እቤት ለሚቀረው ለብለቡም ጉላሹም ሸጋ ነው፣ ትንንሾቹን ጥብስ አድርጉ።

መጨረሻ ላይ ኩሬውን ስታፈሱት ውሃውን ወደ ወንዝ እንዳትለቁት፣ ሽንኩርታችሁ ወይ ጎመናችሁ ላይ ልቀቁት፣ አረንጓዴው ውሃ ራሱ ማዳበሪያ ነው። ታች የሚቀረውን ጥቁር ጭቃ እላዩን ዛቅ አድርጋችሁ ለማሳ ስጡ፣ ዘንጎቹን ፀሀይ ላይ አድርቁ፣ የበሰበሱትን ተኩ፣ ኩሬው ዋልካ ከሆነ ሳይሰነጠቅ በሳምንቱ ኩስ በትናችሁ መልሳችሁ ሙሉት። ለዛ ልጅም ይሄን ሊንኩን ልኬለታለሁ፣ ኩሬውን አፍስሶ ጣት ጣት የሚያክሉትን ለቅሞ ጠብሶ ይብላቸውና ከ3 ቁጥር ይጀምር።